ቡአ ነው ያልኩት ቀዶ ጥገና

ሰበታ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ፤ ቤቴ ግን ቡራዩ ነው። ስኳር ከያዘኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ወንድነቴን የወሰደብኝም እሱ ነው። ኪኒኑ አልሠራም፣ መርፌውም አልሠራም። በመጨረሻ አምና፣ በኀምሳ አራት ዓመቴ፣ ብልቴ ውስጥ በፈሳሽ የሚሞላ መሣሪያ በቀዶ ጥገና ተተከለልኝ። ትንሿ ፓምፕ የተቀመጠችው በቆለጤ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ደጋግመው ሲጨምቋት ብልቴ ይቆማል፣ ከላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ ይተኛል።

እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሁሉ «የቡአ ኦፕራሲዮን አደረግኩ» አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጋቢ ለብሼ ሶፋ ላይ አሳለፍኩ። ያበጠውንና የጠቆረውን ሳይ የሌላ ሰው አካል የተሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። ሕመሙ ሲቀንስ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እስካሁን አላውቅም።

በዚያው ሰሞን፣ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ።

«አከም ጅርታ? እንዴት ነህ? ቡአው ተሻለህ?»

«ደህና ነኝ ኦቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም አለብኝ። ሦስት ዓመት ደበቅኩት። እስቲ ቁስሉን አሳየኝ፤ ካየሁት ኦፕራሲዮኑን አልፈራም።»

ጋቢዬን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ። «ፋሻውን እንዳትፈታ ተብያለሁ» አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። እሳቸው ምስጢራቸውን አምነው ሲነግሩኝ እኔ ዋሸኋቸው። በማግስቱ ልጃቸውን ጠርቼ ሐኪም ቤት እንዲወስዳቸው ለመንኩት፤ ወሰዳቸው።

በስድስተኛው ሳምንት ነርሷ ፓምፗን አሳየችኝ። በየቀኑ እየሞላሁ፣ እያስተኛሁ እንድለማመድ አዘዘችኝ። እዚያ ሳለሁ ገብቶኝ ነበር። እቤት ስሞክር መሙላቱ ተሳካልኝ፤ ማስተኛዋ ቁልፍ ግን ጠፋችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቫልቭ ስሸጥ የኖርኩ ሰው መታጠቢያ ቤት ቆሜ ላብ በላብ ሆንኩ። ባለቤቴ በሩን አንኳኳች።

«ምን ሆነሃል?»

«አልተኛ አለኝ።»

መነጽሯን አድርጋ፣ የመመሪያውን ወረቀት ይዛ ገባች። «ከፓምፑ በላይ ትንሽ እብጠት አለች ይላል። ቆይ፣ እጅህን አንሳ።»

አገኘቻት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ለየብቻ መተኛት ከጀመርን አራት ዓመት አልፎን ነበር።

ሐኪሙ ሲፈቅድልን ወደ አንድ አልጋ ተመለስን። መሣሪያው ይሠራል፤ ሐኪሙም ደስ ብሎታል። አንድ ማለዳ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ «የፈለግከኝ አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ?» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን የምሯን አልለየሁም።

«እኔ ነኛ!» አልኩ ቶሎ ብዬ።

እውነቴን ነበር መሰለኝ። ድሮ መፈለጌን ሰውነቴ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር፤ አሁን ግን መጀመሪያ ራሴን ጠይቄ መወሰን አለብኝ። አንዳንዴ መልሱ ቶሎ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ እጇን ብቻ ይዤ እተኛለሁ።