«ካንቺ ይበልጥ እኔን አመመኝ»

ባለፈው አርብ፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ሊቅም ተቀምጦ ከተማው ጭር ባለበት ሰዓት... ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ለእረፍት ቀናችን በጋራ በተከራየናት ክፍል ሆነን የፌስቡክ ታሪክ እያነበብን ነበር።

እያነበብን ስል አንባቢዋ እኔ ነኝ። ስልኬ ኢንተርኔት አለው፣ አንደበቴም አይሰንፍም። እትዬ ዘነበች ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ ታዳምጣለች። እዚህ ጅቡቲ በሰው ቤት ስትሠራ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰናይት ደግሞ በሩ ሥር ተንበርክካ ልብሷን ታጥባለች። ከሁላችን ታናሿ እሷ ናት። በሚመጣው ሳምንት የማዳሟን ሥራ ለቃ፣ ጋቦዴ ሰፈር አንድ ሾፌር ወደተከራየላት ቤት ልትገባ ነው። ሰውየው አዲስ አበባና ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ወግ ማዕረግ ልታይ ነው ብለን እልል ብለንላታል።

ገጹንም ያሳየችን እሷው ናት። ታሪኩ በክፍል በክፍል የሚለቀቅ ነው። አንድ ኮስታራ ባል አለ፣ አንዲት ስታጠፋ የምትኖር ሚስት አለች። በየክፍሉ ጭኑ ላይ ያስተኛትና መቀመጫዋን በጥፊ ያቀምሳታል። በቃ ይኸው ነው። ዛሬ ሻይ ስለደፋች፣ ነገ ስልኩን ስላላነሳች... መቼም ምክንያት አይጠፋለትም።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ቃላቱ ናቸው። ደራሲው «ደበደባት» የሚል አማርኛ አልፈጠረበትም። «ቀጣት»፣ «አረማት»፣ «ልክ አስገባት» ነው የሚለው። እሷም አትጮህም፣ «ሲቃ ይይዛታል»። ሁሌ «ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች»። እሱም ሁሌ እንባዋን በአውራ ጣቱ ይጠርግና «ለጥቅምሽ ነው፣ ካንቺ ይበልጥ እኔን አመመኝ» ይላታል። በማግስቱ እንደ ሙሽራ ፈክታ ትነሳለች። ከሥሩ የልብ ምልክት መዓት ነው።

«መቀመጫዋ እንደ ጽጌረዳ ቀላ...» ብዬ ሳነብ እትዬ ዘነበች ቀና አለች።

«ምኗ ነው የቀላው?»

«መቀመጫዋ።»

«ሴትየዋ የየት አገር ሰው ናት?»

«የደብረ ብርሃን ልጅ ናት ይላል። ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ።»

«ወላሂ በርበሬ ቀብቷት ነው እንጂ! የጠይም ሰው ቂጥ ሲቀላ አይቼ አላውቅም። እኔ የልጅነት ባሌ ሲመታኝ እንደ ድስት ጠቁሬ ነበር የማድረው።»

በሳቅ ሞትን። ሰናይት ግን አልሳቀችም። ለነገሩ ከመጣች ጀምሮ አልተቀመጠችም ነበር።

«አንቺ፣ ትንሽ አረፍ አትዪም እንዴ?» አልኳት።

«ሙቀቱ ነው... መቀመጥ አስጠላኝ» አለች። በዚህ ሙቀት እውነቷን ነው ብዬ አለፍኩት።

ይሄኔ ስልኳ ጠራ። እጇ ሳሙና በሳሙና ስለሆነ «እሱ ነው፣ ክፈቺልኝና ድምፁን ልቀቂው» አለችኝ። ከፈትኩላት።

«ሰኒዬ...» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ከኋላው የመኪና ሞተር ይንጫጫል። «ከወደብ ጭኜ ፔካ ዱዝ፣ የከባድ መኪናዎቹ ማደሪያ ገብቻለሁ። መኪናውን አቁሜ በታክሲ እመጣለሁ። አሁንም አኩርፈሻል?»

ልብሷን ማሸቷን ቀጠለች።

«ለጥቅምሽ እኮ ነው። ደግሞ እመኚኝ... ካንቺ ይበልጥ እኔን አመመኝ።»

እትዬ ዘነበች ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። በታሪኩ እየቀለደ መስሏት ነው። እኔም ለአፍታ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ስልኬን ቁልቁል አየሁት... ቃል በቃል ነው። ቀና ስል የሰናይት እንባ ሳሙናው ውስጥ ይንጠባጠባል።

ስልኳን ሳላስፈቅዳት ዘጋሁት።

እትዬ ዘነበች ተነሳች። ምንም ሳትጠይቅ የሰናይትን ቀሚስ ከኋላዋ ገለጥ አደረገችው። ከወገቧ እስከ ጭኗ በልዟል። የቀበቶ ነው። ዘለበቱ ያረፈበት ቦታ ቆዳዋ ተልጧል። ጽጌረዳ የሚመስል ነገር አላየሁበትም።

«ምን አድርገሽው ነው?» አለቻት እትዬ ዘነበች፣ ቀስ ብላ።

«ከትናንት ወዲያ ሲደውል ማዳም ቤት እንግዳ ነበር። አላነሳሁለትም።»

ደሜ ፈላ። «እዚያ ቤት አትገቢም!» አልኳት። «ለማዳም ሥራዬን አልለቅም በያት፣ ዛሬውኑ! ይሄ ሰው የራሱ ቃል እንኳ የለውም። ከፌስቡክ ለቅሞ ነው የሚያወራሽ!» ብዬ ስልኬን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩት።

«አውቃለሁ» አለች። «ገጹን የላከልኝ እሱ ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማዳም ጫማ ስትወረውርብኝ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ምንም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ላይ አታነሳም። አባቴም ሲገርፈኝ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እሱ ግን... አመመኝ ይለኛል። ከየትም ያምጣው፣ ለእኔ ብሎ ነው ያመጣው።»

የደቀንኩትን ስልኬን አጥፍቼ ፍራሹ ላይ ወረወርኩት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከውጭ የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «በእኔ ሞት! እኔን ያየሽ ተቀጪ!» አለቻት። ሰናይት ጉንጯን ሳመቻትና በእጇ ሥር አጎንብሳ ወጣች። ሾፌሩ ከታክሲው ወርዶ በሩን ከፈተላት... እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰላችሁ! እሷም ቀስ ብላ ገባች። መቀመጥ ስላልቻለች በጎኗ ተደግፋ ነው የሄደችው።

ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም። በሱ ተናድጃለሁ፣ በደራሲው ተናድጃለሁ፣ እውነቱን ለመናገር በሷም ተናድጃለሁ።

ደግ ቃል ተርበን ነው መሰለኝ... ከዱላ ጋር ቢመጣም እንጎርሰዋለን።