የጆንያ ሰፊው ቋጠሮ

መርዳሳ መንገድ ላይ «አካም ጅርታ?» ብለው ደህንነቱን ሲጠይቁት እንኳ «ምን ፈልገው ይሆን?» ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። በአርሲ ነገሌ እህል ገበያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጆንያ አፍ ሲሰፋ ኖሯል። የእርሱን ቋጠሮ ሌላ ሰው ቢፈታው እንደነበረ አድርጎ መልሶ ማሰር አይችልም፤ በዚህ ይኮራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ሲባጎውን በጥርሱ እየበጠሰ።

እርሱም የሚሸሽገው ነገር ነበረው። ሚስቱ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ደሙ ውስጥ ኤች አይ ቪ ከተገኘ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መድኃኒቱ እዚያው ነገሌ ይሰጣል፤ መርዳሳ ግን ወረፋ ላይ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው «ገበያ ላጣራ» እያለ አዳማ ድረስ ይሄዳል። የክኒኑ ብልቃጥ ኪስ ውስጥ ሲንሿሿ ያጋልጣል። ስለዚህ የየሳምንቱን ሰባት ክኒን አውጥቶ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይከታል። አብራው የምትኖረው ልጁ ሶረቲ የቸርች ልጅ ናት፤ የሲጋራ ፓኮ በጣቷ ጫፍ አትነካም። ነገሩ እንዲታመን ደግሞ ማጨስ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ለሽፋን አጨሰ፤ ቆይቶ ሱስ ሆነበት።

ዘንድሮ ነገር ተበላሸ። የነጋዴውን የጫምሳን ስንዴ ከሌላ ሰው ጆንያ ጋር ቀላቅሎ አስጫነ። የጎረቤት ስም ይጠፋው ጀመር። አንድ ሐሙስ ደግሞ ፓኮውን ሲከፍት ሦስት ክኒን መቅረት ሲገባው ሁለት ብቻ አገኘ።

«ሶረቲ ናት» አለ በሆዱ። ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? «እጅሽን ከዕቃዬ ላይ አንሺ፤ ካልሆነ ውጪልኝ!» ብሎ ጮኸባት። እርሷም ምን እንደነካች ሳይገባት አለቀሰች፤ ለቅዳሜ ሳምንት ኩየራ ያለችው አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ልብሷን ሸከፈች።

መርዳሳ በዚህ አላበቃም። ወጥመድ ሊያጠምድባት ፓኮውን በሲባጎ ጠፍሮ በራሱ ቋጠሮ አሰረው። ጠዋት ጠዋት ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ያስራል። በሳምንቱ ሐሙስ ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ክኒኑ ግን ዳግመኛ አንድ ጎደለ። ያኔ ፈራ። ሌባው ራሱ ነው ማለት ነው፤ አንዱን ቀን ሁለቴ ውጦ ረስቷል።

በማግስቱ አዳማ ሄደ። መንገድ ሙሉ የጠረጠረው በቅርቡ የቀየሩለትን አዲሱን ክኒን ነበር፤ የሚያስረሳው እርሱ መሰለው። መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ፋዲላ ስለ መርሳቱና ስለ ሲጋራው ጠየቀችው፤ የምርመራ ወረቀቱንም አየች።

«ጋሽ መርዳሳ፣ ደምዎ ላይ ቫይረሱ አይታይም። መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው።»

«ታዲያ ጭንቅላቴን ምን ነካው?»

«ቫይረሱ ጋብ ቢልም አንጎል ውስጥ ትንሽ መቆጣት ሊቀር ይችላል። የሲጋራ ጭስ ያንን ያባብሰዋል ነው ጥናቶቹ የሚሉት። የእርስዎ መርሳት ከዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ ሌላም ምርመራ እናዝዛለን። ሲጋራውን ግን ይተዉ።»

«ብተወው ይመለስልኛል?»

«ቃል አልገባም። እንዳይብስ ግን ሊረዳ ይችላል። ክኒኑን የሚያስታውስዎት ሰውም ቤት ይኑር።»

መርዳሳ እልህ ያዘው። ለመደበቂያ ብሎ የጀመረው ጭስ ነው የጎዳው! ፓኮውን ቢጥል ደግሞ ክኒኑን የት ይሸሽጋል?

ቤት ሲደርስ የሶረቲ ሻንጣ በር ላይ ቆሟል። ብልቃጡንና ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ። ክኒን ሲጎድል አንቺን የጠረጠርኩሽ በከንቱ ነው፤ ይህን ቋጠሮ ከእኔ በቀር የሚያስር የለም።»

ሶረቲ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ፓኮውን አነሳች፤ ሲባጎውን አንዴ ሳብ አድርጋ ፈታች፣ ክኒኖቹን አየች፣ መልሳ አሰረች። ልክ እንደ እርሱ።

መርዳሳ ክው አለ። «ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነሃ፣ አባዬ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ገበያ ይዘኸኝ ስትሄድ። ረሳኸው?»

ረስቶታል። የሞተው ጥርጣሬ እንደገና ብድግ አለ፤ ሲጋራም አማረው። ክኒኑን ማን እንዳጎደለው ከእንግዲህ መቼም እርግጠኛ መሆን አይችልም። የልጁን ፊት ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ብልቃጡን ወደ እርሷ ገፋ አደረገና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ስጪኝ» አላት።