ታናሽ የሚሆን ደብር

ልጅነቴን ያሳለፍሁት የሦስት ደብር ደወል በሚሰማበት ቤት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ብዙ ከተሄደ በኋላ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ ገብርኤል ከላይ ከጉብታው፣ ጊዮርጊስ ከቤታችን ጀርባ፣ አቦ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ይታዩ ነበር፤ ሦስቱም በየራሳቸው የጽድና የወይራ ዛፍ ተከበው በገብስ ማሳ መካከል ጠቁረው ይቆማሉ። አባቴ ቄስ ታደገ የጊዮርጊስ አገልጋይ ነበሩ። እናቴ ግን የአቦ ልጅ ናት። ለአባቴ ተድራ ወንዙን ተሻግራ ብትመጣም ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ተወለደችበት ደብር ሳትሄድ አትቀርም ነበር።

ያኔ አቦ የራሱ የሆኑ አንድ ያረጁ ቄስ ብቻ ነበሩት። ቅዳሴ ደግሞ ከሁለት ቄስና ከሦስት ዲያቆን ባነሰ አይቀደስም። ጊዮርጊስ ቀሳውስትም ዲያቆናትም የማያንሱት ደብር ስለነበር፣ አባቴ በየእሑዱ ዲያቆናት አስከትለው ገና ጎህ ሳይቀድ ወንዙን ይሻገራሉ። ይህ መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የአቦም ሰው በበኩሉ የጊዮርጊስ ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥ እንጨቱን በትከሻው ተሸክሞ ያመጣ ነው፤ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ ማኅበሩም አንድ ላይ ነበር።

ተረት የሰማሁት ከእማሆይ አበራሽ ነው። እማሆይ በክፉ ዘመን ባልና ልጅ ቀብረው ከቆላ ብቻቸውን የመጡ መነኩሴ ነበሩ። የእኔ የሚሉት ጎጆ አልነበራቸውም፤ ጥቂት ሳምንት እኛ ዘንድ፣ ጥቂት ሳምንት አቦ፣ ጥቂት ሳምንት ገብርኤል እየተቀመጡ ይኖሩ ነበር። ከገብሱ በላይ ቢጫ ቆባቸው ብቅ ሲል እኔና ወንድሞቼ እየተሽቀዳደምን ሄደን ከረጢታቸውን እንቀበላለን። የዚያን ዕለት እራት ቶሎ ይበላል። እሳቱ ወደ ፍምነት ሲዞር እናቴ ትኩሱ አመድ ውስጥ ድንች ትቀብርልናለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጭስ ዐይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ በነፋሱ ሊጠፋ እየቃጣው፣ እኛ ልጆቹ ተጠጋግተን የእማሆይን አፍ እንጠብቃለን።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፤ እኔ የምወደው ግን የሦስቱን ወንድማማች ነው። በድሮ ጊዜ ሦስት ወንድማማች መነኮሳት አንድ አንድ ታቦት ተሸክመው ማረፊያ ፍለጋ ሲዞሩ፣ ክረምት ላይ ከዚሁ ከእኛው ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል። ታላቁ ወንድም በመቋሚያው ጥልቀቱን እየለካ ቀደመ። መካከለኛው ስንቁን ተሸክሞ ተከተለ። ታናሹ ግን ጉልበቱ ራደና ከዳር ቀረ። ታላቁ ይህን ባየ ጊዜ ተመልሶ እርሱንም ታቦቱንም በትከሻው አሻገረ። ሲነጋ ሦስቱም ጉብታ ጉብታቸውን መርጠው ተቀመጡ። እማሆይ ስለ ወንዙ ሲናገሩ ድምፃቸው ወፈር ይላል፤ ታናሹ በትከሻ ላይ ሆኖ ዐይኑን ሲጨፍን እርሳቸውም ይጨፍኑ ነበር። ታላቁ ወንድም የተሸከመው የጊዮርጊስን ታቦት እንደነበር ሲነግሩን እኔ በኩራት ወንድሜን በክርኔ እጎሽመዋለሁ።

አንድ ዓመት ለአቦ ክብረ በዓል ከእናቴ ጋር አያቴ ቤት አደርሁ። እማሆይም እዚያ ነበሩ። ያንኑ ተረት ጀመሩና ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ታላቁ ወንድም አቦን ተሸክሞ ተገኘ፤ ዳር ቆሞ የሚንቀጠቀጠው የጊዮርጊሱ ሆነ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«እማሆይ፣ እኛ ቤት ሲነግሩን ታላቁ ጊዮርጊስ ነው ብለውን አልነበረም?»

እማሆይ አልደነገጡም። በትንሽ እንጨት ፍሙን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ፣ «አዎ ብያለሁ» አሉ። «አሁንስ የማንን እሳት ነው የምንሞቀው?»

ትልልቆቹ ሳቁ። እኔም ያኔ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ።

ጠቡ የጀመረው በአንድ የከተራ ዕለት ነው። ሦስቱ ታቦታት የሚወርዱት ወደ አንድ ጥምቀተ ባሕር ነው፤ ልማዱም መንታ መንገዱ ላይ ቀድሞ የደረሰው ደብር መቅደሙ ነበር። በዚያ ዓመት ጊዮርጊስና አቦ እኩል ደረሱ። አያ ደምስ የሚባል የሰፈራችን ሰው ነበር፤ በሬም በጎም የሞላው፣ ሲናገር ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። እርሱ ከፊት ወጥቶ፣ «ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም! ጊዮርጊስ ይለፍ!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያ፣ «ታላቁማ አቦ ነው!» የሚል ድምፅ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው በቁርጥራጭ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ዝማሬው ሲቋረጥ፣ ዱላ ሲነሣ፣ ከበሮ ሲቀደድ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ካሳ በነጭ ልብሱ ላይ ደም እየወረደበት መሬት ሲቀመጥ። አባቴ ታቦቱን በራሳቸው ላይ አክብረው ስለነበር መናገርም መገላገልም አልቻሉም። መጎናጸፊያው ሥር ዐይናቸው ብቻ ሲንከራተት አየሁ።

ከጥምቀት በኋላ የጊዮርጊስ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስም ሆነ ዲያቆን ወንዙን እንዳይሻገር ቆረጠ። ሐሳቡ የአያ ደምስ ነበር፤ ሌላው ግን አልተቃወመም። ሁዳዴ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። አቦ እሑድ እሑድ የሚደወለው የድንጋይ ደወል ዝም አለ። የአቦው ቄስ ብቻቸውን ጸሎት ያደርሳሉ፣ ሙት ይፈታሉ፤ መቀደስ ግን አይችሉም። ገብርኤል ሩቅና ዳገት ነው፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር አይወጣውም። እናቴ ለአባቴ እንደ ወትሮው ምግብ ታቀርባለች፣ እጃቸውን ታስታጥባለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን አይወጣትም ነበር። እማሆይም በዚያ ክረምት አቦ ሰንብተው ወደ እኛ አልመጡም። እሳቱን ከብበን ስንቀመጥ የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው።

ክረምቱ ላይ የካሳ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። መስከረም አልቆ የልጅቱ ሰማንያ ቀን ሲቃረብ እናቴ አንድ ምሽት አልቻለችም።

«ሕፃኗን የት ወስደን ነው ክርስትና የምናስነሣት?»

«ደብሩ ከልክሎኝ ምን ላድርግ?» አሉ አባቴ።

«ደብሩ ማነው? ደምስ ነው?»

አባቴ ዳዊታቸውን ከፍተው ሲያበቁ ገጹን ሳይገልጡ ብዙ ቆዩ።

በዚያው ሰሞን የገብርኤል ሽማግሌዎች ሁለቱን ደብሮች ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ጠሩ። እኔ ከእናቴ ጋር ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ጥሩነህ፣ ነገሩ ሁሉ የዞረው በታላቅነት ላይ ስለሆነ እማሆይ አበራሽ ይመስክሩ አሉ፤ እማሆይም መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ በዚህ አገር ከእርስዎ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የለም። ሦስቱንም ደብር ያውቃሉ። በዚህ መስቀል ምለው ይንገሩን። ታላቁ የትኛው ነው?»

አያ ደምስ ከመቀመጫው ተነሣ። «ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? ለልጆቼ ሲነግሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጊዮርጊስ ነው!»

ካሳም ተነሣ። ግንባሩ ላይ ጠባሳው ይታያል። «ለእኛ የነገሩን አቦ ነው! እናቴ ትመስክር!»

ከገብርኤል ሰዎች መካከል አንዱ አመንትቶ፣ «ለእኛማ... ገብርኤል ነው ያሉን» አለ።

ጫጫታው ፈነዳ። «ዋሹን ማለት ነዋ!» የሚለው የአያ ደምስ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ። እማሆይን የሚደበድቧቸው መሰለኝ።

እማሆይ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ።

«ተረት ይንገሩን ብላችሁ ነገርኋችሁ» አሉ። «መስቀል ይዛችሁ የመጣችሁት ዛሬ ነው። አልምልም። እኔ ስመጣ ሦስቱም ነበሩ፤ ሦስቱም አበሉኝ። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል እማሆይ?» አሉ አባ ጥሩነህ።

«ያን ተረት ሦስታችሁም ባላችሁበት ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልናገረው። ግን በትከሻ የሚሻገር አንድ ያስፈልገኛል። ታናሽ የሚሆን ደብር ካለ ይነሣና ልጀምር።»

ማንም አልተነሣም። የወንዙ ድምፅ ይሰማል። ወንዶቹ እግር እግራቸውን ያያሉ፤ አንዳንዱ መሬቱን በዱላው ይጭራል። ከዚያ ከጊዮርጊስ ሰዎች መካከል አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ጊዮርጊስ ታናሽ ይሁን» አሉ።

«ማን ወከለህ አንተ?» አለ አያ ደምስ። እስከዚያች ቀን ድረስ አባቴን አንተ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እናቴ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ማንም አልወከለኝም» አሉ አባቴ። «ደብሩ ካልፈቀደ እኔ ራሴ ታናሽ ሆኜ እሻገራለሁ። ማዶ ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን አለች። እሑድ አቦ እቀድሳለሁ። የሚከተለኝ ዲያቆን ካለ ይከተለኝ።»

አያ ደምስ ዱላውን አንሥቶ ሄደ። ከጊዮርጊስ ሰዎች እኩሌታው ተከተለው። እማሆይ ግን ጀመሩ፤ የቀረው ሰውም ሰማ። ታናሹ የጊዮርጊስ ወንድም ዳር ቆሞ ሲርድ፣ ታላቁ የአቦው ተመልሶ በትከሻው ሲሸከመው፣ እኔ አባቴን ማየት አልቻልሁም። አፍሬ ነበር። በቀጣዩ ቀን የጎረቤት ልጆች ምን እንደሚሉኝ ነበር የማስበው። ያለቀስሁት ለእማሆይም ለሕፃኗም ሳይሆን ለደብራችን ክብር ነው።

የዚያን ቀን ምሽት እናቴ ውሃ አሞቀች። አባቴን ከእሳቱ ዳር አስቀምጣ እግራቸውን አጠበች። ከብዙ ወር በኋላ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ይህ ነበር።

«ስንት ዲያቆን ይመጣ ይሆን?»

«እንጃ።»

«ሁለት ብቻ ቢመጡስ?»

«ተመልሼ እመጣለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ እሄዳለሁ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ደጃችን ላይ የቆሙት ሁለት ነበሩ። አባቴ አዩዋቸውና ምንም ሳይሉ መንገድ ጀመሩ፤ እኔና እናቴም ተከተልን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ከላይ ከገብርኤል መንገድ አንድ ዲያቆን እየሮጠ ሲወርድ አየን። አባ ጥሩነህ ልከውት ነው። ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። ወዲያ ማዶ ስንወጣ የአቦው የድንጋይ ደወል ተመታ፤ ሰዎች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከየጎጆው ወጡ። አያቴ ግን የቅጥሩን በር እንደያዘች ቆማ አለቀሰች። ሕፃኗ ከጥምቀቱ ውሃ ወጥታ ስትጮኽ ነው እልልታው የተነሣው።

ነገሩ እዚያ ላይ አላለቀም። አያ ደምስ ለብዙ ዓመት የአባቴን መስቀል ሳይሳለም ኖረ፤ ደጃችንም ዝር አላለም። በመጪው ከተራ ጊዮርጊስ ከሁሉ ኋላ ሲወርድ ከሰፈራችን ብዙ ሰው ቤቱ ቀረ። እኔም እማሆይን ለብቻቸው አግኝቼ፣ እኛ ቤት ብቻ የድሮውን እንዲነግሩን ለመንኋቸው። «አሁን አይሆንም ልጄ፣ አባትሽ ሰው ፊት ቆመውበታል» አሉኝ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያለ ሰው ተመለሰ። ዛሬ ጊዮርጊስ ኋላ ይወርዳል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ወጣት የለም።

እኔ አሁን ደብረ ታቦር ነው የምኖረው። አባቴ ሸምግለው ለዐይን ሕክምና እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ስንቀመጥ፣ በልጅነቴ ያልደፈርሁትን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ የእውነት ታላቁ የትኛው ነበር?»

«ጊዮርጊስ ነዋ» አሉ ወዲያው፣ ሰዓት የተጠየቁ ይመስል። «የገብርኤልም የአቦም ታቦት ቤተ ክርስቲያናቸው እስኪሠራ ጊዮርጊስ ነው የቆዩት። አያቴ ለአባቴ ነግረውት፣ አባቴ ነግሮኛል።»

ደንግጬ ተመለከትኋቸው። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? እማሆይ የጠየቁት ታናሽ ማን ይሁን ብለው ነው» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ለዓመታት አባቴ የማያውቁትን ነገር ለሰላም ሲሉ እንደለቀቁ አስብ ነበር፤ ለካ የያዙትን ነው የለቀቁት። በሥራ ቦታዬ ብዙ ክርክር ላይ ተቀምጫለሁ። እውነቱ ከእኔ ጋር መሆኑን ሳውቅ አፌን መያዝ እንዴት እንደሚከብድ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ አልቻልሁበትም። አባቴ አሁን በሕይወት የሉም። ያን ምሽት የነገሩኝን ከወንድሞቼ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። እዚህም የጻፍኋቸው የደብሮቹ ስሞች እውነተኞቹ አይደሉም። ከዚያ አገር የመጣ ሰው ቢያነበው፣ ኋላ የሚወርደው ደብር በሰላም እንዲወርድ ብዬ ነው።