ከሁሉ ከፍ ያለው ፒስተን

በቤርሼባ የፋብሪካ ሰፈር፣ መኪና በሚጠገንበት ሙሳኽ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ሌላው የፈታውን ብሎን በናፍጣ አጥባለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ዝም እላለሁ። ጎንደር ሳለሁ ብረት ቀጥቃጭ ነበርኩ። እዚያ ብረት ስለምቀጠቅጥ ቡዳ ነህ አሉኝ፤ እዚህ ፊደል ስለማላውቅ ምንም አታውቅም አሉኝ። ሁለቱንም ይቅር አላልኩም፤ የማለት ሐሳብም የለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከሥራ መልስ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ፣ መጀመሪያ የዕብራይስጡን፣ ኋላ የአማርኛውን ተማርኩ። ሙሳኹ ውስጥ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ምን ያደርግላቸዋል?

አንድ ክረምት ከሽኩና ዳሌት የኛው አገር ሰው መኪናውን አስጎትቶ መጣ። በናፍጣ የሚሄድ አሮጌ መኪና ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ሰው ወደ እርሻ ሥራ ያመላልስበታል። ዲሞና መንገድ ላይ ሞተሩ ግሎ፣ በሞተሩና በክዳኑ መሃል ያለው ጋስኬት ተቃጥሎ ውሃና ዘይቱ ተቀላቅሏል።

የዚያ ሞተር ጋስኬት ሦስት ዓይነት ነው፤ ስስ፣ መካከለኛና ወፍራም። ጠርዙ ላይ ባለው ቀዳዳ ይለያል፤ ስሱ አንድ፣ ወፍራሙ ሦስት ቀዳዳ አለው። የሚመረጠው ፒስተኖቹ ወደ ላይ ሲመጡ ከሞተሩ ገጽ ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ተለክቶ ነው። ብዙ ብቅ ለሚል ፒስተን ስስ ካስገባህለት ክዳኑን እየመታ ሞተሩን ይገድለዋል። ያለ ቦታው ወፍራም ካስገባህ ደግሞ በብርድ አይነሳም። የድሮው ጋስኬት ጠርዙ ተቆራርጦ ስለወጣ ስንት ቀዳዳ እንደነበረው አልታወቀም።

ዋናው መካኒክ መለኪያውን አምጥቶ የመጀመሪያውን ፒስተን ለካና አንድ ቀዳዳ ያለው ይምጣ አለ። ለምሳ ሲሄዱ የሞተሩን ገጽ እንዳጸዳ ታዘዝኩ። አጸዳሁ። ከዚያ ሞተሩን በእጄ እያዞርኩ ፒስተኖቹን በየተራ ወደ ላይ አመጣሁና፣ ድሮ ማረሻ ስስል እንደማደርገው ጥፍሬን ጠርዛቸው ላይ ሳብኩ። ሌሎቹን ጥፍሬ ሸርተት ብሎ አለፋቸው፤ ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ሲመለሱ ሦስተኛው ይበልጣል አልኩ። ዋናው መካኒክ ሳቀ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ሳቁ። ሞተር በመጽሐፍ እንጂ በጥፍር አይለካም አለኝ።

"እንግዲያው መጽሐፉን ስጠኝ" አልኩት።

የሙሳኹ ባለቤት ከቢሮው ብቅ አለ።

"ያንብብ" አለው ዋናው መካኒክ። "ካነበበ እሰማዋለሁ። ካላነበበ ግን ከነገ ጀምሮ ሞተር አጠገብ አላየውም።"

ባለቤቱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ባለመኪናው እጅጌዬን ያዘና በአማርኛ፣ "አያ፣ ይቅርብህ። ለኔ ብለህ እንጀራህን አትጣ" አለኝ።

"ላንተ ብዬ መሰለህ?" አልኩት።

ትምህርት ቤት ከዕብራይስጡ ፊደል ሥር ነጥብ አለ፤ ድምፁን የሚነግርህ ነጥቡ ነው። የሙሳኹ መጽሐፍ ነጥብ የለውም። ገጹን ሳይ ባዶ አጥንት መሰለኝ። ጣቴን መስመሩ ላይ አስደግፌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገጣጠምኳቸው፤ ያልሆነልኝን ቃል ወደ ኋላ ተመልሼ ደገምኩት። ማንም አልረዳኝም፣ ማንም አላጣደፈኝም። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ አራቱም ፒስተን ይለካል፤ ጋስኬቱ የሚመረጠው ከሁሉ ከፍ ባለው ነው።

ዋናው መካኒክ መለኪያውን አነሳ። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ሆነ፤ አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ የመለኪያው መርፌ ከሌሎቹ አልፎ ሄደ። መለኪያውን ጠርጎ እንደገና ለካ። ያው ነው። ሰንጠረዡን ለማየት ሲያጎነብስ መጽሐፉን አልሰጠሁትም፤ ራሴ አነበብኩለት። ሦስት ቀዳዳ።

ስልኩን አንስቶ ወፍራሙን አዘዘ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ጋስኬቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ እሱ ይሥራው ስላለ። ብሎኑን በተራው አጠበቅሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ የበረሃው ብርድ ጣት በሚያደርቅበት ሰዓት፣ ባለመኪናው ቁልፉን አንዴ አዞረ። ተነሳ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ የሚመታ ነገር የለም። ደረቴ ሰፋ። ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የሄድኩበት ሁሉ የዚያን ጠዋት ተመለሰልኝ።

በሳምንቱ ሌላ ሞተር ተከፍቶ መጣ። ዋናው መካኒክ መለኪያውን ፊቴ አስቀመጠና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "አራቱንም ለካና ንገረኝ" አለ።

ለካሁ። አልነገርኩትም ግን። አራቱን ቁጥርና የጋስኬቱን ዓይነት በዕብራይስጥ በገዛ እጄ ጻፍኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንብቦ የጻፍኩትን አዘዘ።