ሁለት ሥጋ በአንድ ኩለር

ባለፈው ቅዳሜ ብሩክሊን ሴንተር ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ከፊቴ የቆመው ፒክአፕ ትንሽ ጀልባ ይጎትት ነበር። ሁለት ሰው ተቀምጦባት ሦስተኛው ቢያስነጥስ የምትገለበጥ ዓይነት ጀልባ ናት። እላይዋ ላይ የታሰረው ኩለር፣ ምግብ በበረዶ የሚቀመጥበት ሣጥን፣ ግን የሬሳ ሣጥን ያህላል። ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። እኔ መንገድ ላይ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ቤትም ቢሆን ብዙ አልሞክረውም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጡሩምባውን እስኪያንባርቅብኝ ድረስ ሳቅሁ። ዞር ብዬ ልሰድበው አልኩና እሱንም ተውኩት።

ያሳቀኝ ነገር ከሆነ ብዙ ዓመት አይሆነውም፤ ፀጉሬ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ማታ ማታ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት እሠራለሁ፣ ቀን ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ገና የእንግሊዝኛ ፊደል እቆጥራለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ጀማል የሚባል የሐረርጌ ልጅ ነበር፤ ታክሲ ይነዳል። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ፍሪጁን ለሁለት ከፍለነዋል፤ ላይኛው የሱ፣ ታችኛው የኔ። ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት የሰሃን ማጠቢያ ስፖንጅ አለን። ሌላውን ሁሉ እንጋራ ነበር፤ ሶፋውን፣ ጉንፋኑን፣ ክርክሩን፣ ደግሞም ጀልባዋን። ጀልባዋ ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ክረምቱ ሰልችቶት ወደ ሞቃት አገር ሲሄድ ጥሎልን የሄዳት አሉሚኒየም ናት። ሞተሯ እንደ እኔ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አይናገሩትም።

የመጀመሪያ ቀን ሐይቅ ስንወጣ ያንተ የኔ ሳንል ሥጋችንን በየፌስታላችን ቋጥረን በአንድ ኩለር ከተትን። ጀልባዋ ሁለት ኩለር አትይዝማ! ቀትር ላይ ክዳኑን ስንከፍት በረዶው ቀልጦ፣ ቋጠሮው ተፈቶ፣ የኔ ጥብስ ከሱ ጥብስ ጋር ሲዋኝ አገኘነው። የቱ በማን እንደተባረከ ማን ይለይ? ተያየን። ሁለታችንም ያለ ነገር ደረቅ እንጀራ በልተን ተመለስን። እነዚያ በትልልቅ ጀልባ አጠገባችን የሚያልፉት ፈረንጆች ቢራቸውን ከፍ እያደረጉ ሰላም ይሉናል። የነሱ በረዶ ምን ጭንቀት አለበት?

ይህ ሁሉ ቀልድ ነበር፤ ስንታየሁ እስክትመጣ።

ስንታየሁ ሮቢንስዴል ከአጎቷ ጋር ትኖር ነበር። እሷ እሺ ብላኛለች። አጎቷ ግን "ሽማግሌ ይላክ" አለ። ወግ ነው፣ አልተቃወምኩም። ግን ማንን ልላክ? እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ አፌ ደግሞ ወዳጅ አያቆይም። በቤተ ክርስቲያን ካሉት ሽማግሌዎች ግማሾቹን ተናግሬያቸዋለሁ፤ የቀሩት ደግሞ እነዚያን ስናገር ሰምተውኛል። የተረፉኝ ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበሩ፤ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው። ቤታቸው ተመላለስኩ። "እናያለን ልጄ" ይሉኛል፤ ወዲያው ስልክ ይጮኻል፣ ወይ እንግዳ ይገባል፣ ወይ "መጣሁ" ብለው ይነሱና ይጠፋሉ። ይህ ሳያንስ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚኖር፣ የራሱ ቤት ያለው፣ ለስላሳ ምላስ ያለው ሰው ለስንታየሁ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ።

"ጥፋትህን ልንገርህ?" አለኝ ጀማል። "አንተ የምትጠይቃቸው መሬት ላይ ነው። መሬት ላይ ሰው ይነሳና ይሄዳል። ጀልባ ላይ ውሰዳቸው። የት ይሄዳሉ?"

"ውሃ ይፈራሉ እኮ።"

"ምን ይወዳሉ?"

የሚወዱትንማ አውቃለሁ። ሐኪም ጥሬ ሥጋ ከልክሏቸዋል፤ ሚስታቸው ደግሞ ሐኪሙን ተክታ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ጠበቅኋቸውና ጆሯቸው ሥር "ጋሽ ወርቁ፣ ቅዳሜ ሐይቅ እንውጣ፣ ክትፎ አለ" አልኳቸው።

ግራና ቀኝ አዩ። "ለብለብ ነው?"

"ጥሬ ነው።"

"ሚጥሚጣው?"

"ከአገር ቤት የመጣ ነው።"

"ስንት ሰዓት ልዘጋጅ?"

እንግዲህ ክትፎ ለጀልባ የተፈጠረ ምግብ አይደለም። ሥጋው ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፤ ቅቤው ከቀዘቀዘ ደግሞ እንደ ሻማ ይረጋል። አሰብኩበት። ሥጋውን ከትፌ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ኩለር ውስጥ፣ ቅቤውን አንጥሬ ትኩሱን በፔርሙዝ አደረግሁት። ሐይቁ መሃል ላይ አገናኛቸዋለሁ። ጀማልን "ያቺን ቀን እንኳ የፍየል ጥብስህን ተዋት" ስለው "እናንተ ክትፎ ስትበሉ እኔ ሐይቁን ልብላ?" አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ከአሮጌ መደርደሪያ ላይ አንድ ሳንቃ ቆርጦ ኩለሩን መሃል ለመሃል ከፈለው። በቀኝ የሱ ጥብስ፣ በግራ የኔ ክትፎና የጋሽ ወርቁ ቢራ።

"በረዶው ሲቀልጥስ? ውሃው በሳንቃው ሥር ያልፋል" አልኩት።

"ቡሿን እንነቅላታለን።" ኩለሩ ከግርጌው ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው፤ በቡሽ ይዘጋል። በረዶው እየቀለጠ ውሃው ከወጣ፣ ከዚህ ወደዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። ሊቅ ነህ አልኩት። ወጥቶ የት እንደሚሄድ ሁለታችንም አልጠየቅንም።

የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ወዲህ ነው፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። በመንገዳችን ነዳጅ ማደያ ቆመን በረዶ በከረጢት በከረጢት ገዛን። በዚህ አገር ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ግማሹን ዓመት በረዶ በአካፋ ስንዝቅ፣ መኪናችን ላይ ስንፍቅ፣ ተንሸራተን ስንወድቅበት እንከርምና ሐምሌ ላይ ያንኑ በረዶ ከፍለን እንገዛለን። ማንም አያፍርም።

ጋሽ ወርቁ በሱፍ ኮትና በተወለወለ ጫማ መጡ። ከመስጠም የሚያድነው ላይፍ ጃኬት ሆዳቸው ላይ አልዘጋ ብሎ በገመድ አሰርንላቸው። ጀልባዋ ላይ ምቹ መቀመጫ የለም፤ ኩለሩ ላይ አስቀመጥናቸው። ጀማል ሞተሩን አስነስቶ መሃል ሐይቅ ወሰደንና አጠፋው። ጸጥ አለ። ውሃው እንደ መስታወት ነው። ዳር ዳር ያለው ዛፍ ተገልብጦ ይታያል። ጋሽ ወርቁ በሁለት እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው ስለ ደም ግፊታቸው ያወሩናል።

"እንብላ መሰለኝ" አልኩ። ሊነሱ ሲሉ ጀልባዋ ጋደል አለች። ጮኹ። በተቀመጡበት እየተንፏቀቁ ወደ አግዳሚው አለፉ፣ ኩለሩን ከፈትኩ፣ ሳህኑን አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። ከፔርሙዙ ቅቤውን ሳፈስበት ሽታው ተነሳ። ሚጥሚጣውን ነሰነስኩ፣ አሸሁት። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን ነው አልኩ በልቤ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ስለዚያች ልጅ ጉዳይ..."

ዓይናቸውን ገለጡ። እኔን አላዩም፤ ወደ ታች ነው ያዩት። ጫማቸው ውሃ ውስጥ ነው።

"እመቤቴ ድረሽ! ጀልባው ተቀደደ!"

"ጋሽ ወርቁ፣ እሱ እኮ..."

"ቅዳ! ቅዳ አንተ ልጅ! ምን ታየኛለህ?" አሉና ያን የመሰለ ክትፎ ሙልጭ አድርገው ሐይቁ ውስጥ ደፉት። በባዶው ሳህን ውሃውን እየቀዱ ወደ ውጭ መርጨት ጀመሩ። ግማሹ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ እኔ ላይ። የቅዱሳንን ሁሉ ስም ይጠራሉ። በዚያ ያሉ ፈረንጆች እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም አሉን።

ጀማል ከሞተሩ አጠገብ ሆኖ ትንፋሹ እስኪቆም ይስቃል። በኋላ እንደ ምንም ጠጋ ብሎ እጃቸውን ያዘ። "አባባ፣ እስቲ እጅዎን ሐይቁ ውስጥ ያድርጉ።"

አደረጉ። "ሞቅ ያለ ነው።"

"አሁን ደግሞ እዚህ፣ እግርዎ ሥር።"

አደረጉና ሰቀጠጣቸው። "ይሄኛው ያቃጥላል! በረዶ ነው!"

"የኛ ነው። ከኩለሩ ነው የፈሰሰው። ጀልባዋ ደህና ናት።"

ጋሽ ወርቁ ባዶውን ሳህን አዩ። ሐይቁን አዩ። "ታዲያ ክትፎዬን በከንቱ ነው የደፋሁት?"

"በከንቱ ነው" አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ነገር ይፈልግ ነበር።

ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ መቀዘፊያውን አነሳሁ። እሳቸው ግን ኩለሩን ከፍተው ውስጡን ያያሉ። "ይሄ ሳንቃ ምንድን ነው?" አሉ። ነገርናቸው፤ የቡሿንም፣ የፍሪጁንም፣ በመጀመሪያው ቀን ሲዋኝ ያገኘነውን ጥብስም።

"ትጣላላችሁ?"

"በየቀኑ" አለ ጀማል።

"ታዲያ ለምን አትለያዩም?"

"አዲስ ሰው መልመድ ይደክማል አባባ። የዚህን ክፋት ጨርሼዋለሁ።"

ይህን ሲል ክትፎው የተደፋበት ቦታ ላይ ውሃው መፍላት ጀመረ። ቅቤው እንደ ወርቅ ላዩ ላይ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ዓሣው ተሰብስቦ ይራኮታል። ጀማል መንጠቆውን ጣለ። ወዲያው ያዘ። እኔም ያዝኩ። ጋሽ ወርቁ ፍርሃታቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ኮታቸውን አውልቀው "ለኔም ስጡኝ!" አሉ። የመዳፍ ስፋት ያላትን ዓሣ ሲያወጡ የጮኹት ጩኸት ከመጀመሪያው ይብሳል። በዚያ ሙቀት ዓሣ አይቆይም፤ በረዶ ደግሞ በሁለቱም በኩል ተርፏል። ዓሣ ማን ባረከው አይባል፤ ጀማል ሳንቃውን መንጥቆ አወጣና ዓሣውን ሁሉ በአንድ ላይ ከተተው።

ሐይቁ ዳር ባለው የፓርክ ምድጃ ጠብሰን ከአንድ የወረቀት ሳህን በላን። ጋሽ ወርቁ እሾሁን እየለቀሙ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው "እሄዳለሁ" አሉኝ። "ግን ይሄን ልጅ ይዤ ነው የምሄደው። ጠባዩ እንዴት ነው ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት አልችልም። እሱ ኖሮበታል፣ እሱ ይናገር።"

ቀኑ ሲደርስ ጋሽ ወርቁ ጀማልን ይዘው ሮቢንስዴል ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፤ ስንታየሁ ኮሪደር ላይ ቆማ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። አጎቷ "ለመሆኑ ጠባዩ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወርቁ አሳላቸው፣ ወደ ጀማል ዞሩ።

"ጠባይ የለውም" አለ ጀማል። "ይነጫነጫል። ይሳደባል። ከእንቅልፉ ሲነሳ ሰላም አይሉትም። ግን አብረን ስንኖር የኔን ሰሃን በሱ ስፖንጅ አጥቦ አያውቅም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ማንም በማያየው ሰዓትም ቢሆን። አውቃለሁ፤ ስፖንጆቹ ላይ ምልክት አድርጌ ሄጄ አይቻለሁ።"

 "ይበቃኛል" አለ አጎቷ። የሴንት ሉዊስ ፓርኩ ሰውዬ ምላሱንም ቤቱንም ይዞ ቀረ።

ምልክት ማድረጉን ስሰማ ግን ተናድጄ ነበር። ከወር በላይ አኮረፍኩት። ሰው እንዴት አብሮት የሚኖረውን ሰው በስፖንጅ ይፈትናል? አሁን ሳስበው ግን በዕድሜዬ ስለ እኔ ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ደግም እውነትም የሆነው ይኸው አንዱ ብቻ ነው፤ የተናገረው ደግሞ በማዕድ ተለይቶኝ የኖረ ሰው ነው። ስንታየሁ ዛሬም ቤታችን ውስጥ ንጭንጬ ሲመራት፣ አፌ ሲበዛባት፣ "እኔ እኮ አንተን ያመንኩት በስፖንጅ ነው" ትለኛለች። ተነስቼ ሰሃን አጥባለሁ።