የሐሙሱ ፍላሽ

ሰፈሩ ፎቶ አንሺውን «ኦርጅናሌ» ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በስቱዲዮው በር ላይ «በኦርጅናል ዕቃ ብቻ እንሠራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ለመታወቂያ የምትሆን አንዲት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ሳይጠይቀው ስለ ባትሪው፣ ስለ ሌንሱ፣ ስለ ካሜራው ማንገቻ ሳይቀር ይተነትንለታል፤ ሁሉም የካሜራው ፋብሪካ ራሱ ያወጣቸው ናቸው። ሚስቱ ስትቀልድበት፣ እኔንም ያገባኝ ካርቶኔን አገላብጦ ካየ በኋላ ነው ትላለች።

እንዲህ ያደረገው አንድ ነገር አለ። ሥራ በጀመረ በዓመቱ ከመንገድ ዳር የገዛው ርካሽ ቻርጀር ባትሪውን እንደ ዳቦ አሳበጠበትና፣ በሰው ሠርግ ላይ፣ ልክ ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያጠላልቁ፣ ካሜራው ጸጥ አለ። የሙሽራዋ አጎት በሰው ፊት ያወረደበትን ስድብ እስከ ዛሬ ለማንም አልደገመውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ የፋብሪካው ስም ያልታተመበት ነገር ካሜራዬ ላይ አልሰካም ብሎ ማለ። አይፈረድበትም። ግን ሰው አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ጥንቃቄውና ኩራቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ይጠፋዋል፤ እሱም ጠፍቶት ኖረ።

አባቱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መኪና ሥር ቆመዋል፤ በማተሚያ ቤት ሰው አፍ መኪና ማለት ማተሚያው ነው እንጂ የሚነዳው አይደለም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሲሠራ ደረጃውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ጥቁር ብረት ነው። ኦርጅናሌ ልጅ ሳለ የተማረባቸው ደብተሮች ሽፋናቸው የታተመው እሱ ላይ ነው። የሠርጉ መጥሪያም እንደዚያው።

አንድ ዓርብ አባትየው ከሥራ ሲመለሱ ቱታቸውን ሳያወልቁ ወደ ስቱዲዮው ጎራ አሉ። የደንበኛ ወንበር እንዳይቆሽሽ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀምጠው፣ መኪናው ለብረት ገዢዎች መሸጡን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ፈታተው እንደሚወስዱት፣ እሳቸውም ወሩ ሲያልቅ ጡረታ እንደሚወጡ ነገሩት። ልጃቸው ፎቶ አንሺ ከሆነ ጀምሮ አንድም ቀን አንሳኝ ብለውት አያውቁም።

«አብሬው አንሳኝ» አሉት። «ቆሞ ሳይሆን፣ እየዞረ ሳለ።»

ኦርጅናሌ ደስ አለው፤ ወዲያውም ስለ ብርሃኑ ማሰብ ጀመረ። የማተሚያው ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱም ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ መስታወት ናት። እዚያ ውስጥ የሚዞር ጥቁር ብረት ያለ ፍላሽ ቢነሳ፣ እሱ እንደሚለው አሸዋ የተበተነበት ነው የሚመስለው። የእሱ ፍላሽ ደግሞ ባለፈው ወር ከመሰላል ላይ ወድቆ ተሰብሯል። አዲሱን አዝዟል፤ የፋብሪካውን፣ ሐሙስ የሚደርሰውን። በጣቱ ቆጠረና ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ በቂ ጊዜ አገኘ። ሐሙስ ከሰዓት እንደሚመጣ ነገራቸው፤ እሳቸውም ተስማሙ።

ሰኞ ዕለት የሌንስ መጥረጊያ ሊገዛ የካሜራ ዕቃ የምትሸጥ ወዳጁ ሱቅ ገብቶ ይህንኑ አጫወታት። እሷም ከመደርደሪያው አንድ ፍላሽ አውርዳ ፊቱ አስቀመጠች። ለእሱ ካሜራ የሚሆን ነው፤ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከዚያኛው ሲሶ አይሞላም። ኦርጅናሌ የቆሸሸ ነገር እንደሚገፋ በአንድ ጣቱ መለሰላት፤ ፎርጅድ አልነካም አላት።

«ፎርጅድ አይደለም» አለችው። «ፎርጅድ የሰው ስም ሰርቆ የሚወጣው ነው። ይሄ የራሱ ስም አለው፣ እንየው ካልክ ይኸው። ውሰድና አባትህን ነገውኑ አንሳበት፤ ካልወደድከው ትመልስልኛለህ። ለአንድ ቀን ምን ትሆናለህ?»

ካሜራ ለማቃጠል አንድ ቀን ይበቃል ብሎ መጥረጊያውን ይዞ ወጣ። እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ፍላሹን ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

ይህን ራሱ ማታውኑ ለአባቱ እንደ ጀብዱ አወራላቸው። ለእርስዎ ፎቶ ብዬ ምን ያህል እንደተጠነቀቅሁ ይዩልኝ ዓይነት ነበር። አባትየው እስኪጨርስ ሰሙት።

«የኔ መኪና እኮ ከፋብሪካው የቀረለት ስሙ የተጻፈበት ነሐስ ብቻ ነው» አሉ። «ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። ሮለሩንም፣ ጥርሱንም፣ እጀታውንም ቶርኖ ቤት ነው ያሠራሁት። እና ሠራ።»

ኦርጅናሌ ሳቀ። አባዬ፣ ብረትና ካሜራ አንድ አይደለም አላቸው። እሳቸውም ሥራው ያንተ ነው፣ አንተ ታውቃለህ ብለው ነገሩን ተዉት።

ሐሙስ ፍላሹ ሳይዘገይ ደረሰ። የካርቶኑን ማሸጊያ በምላጭ ቀስ ብሎ ከፈተው፤ ሁለት ጊዜ አብርቶ ሞከረውና ቦርሳውን አንግቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ሥር የለመደው መንቀጥቀጥ አልነበረም። ዕረፍት ላይ ናቸው ብሎ ወረደ።

ታች አባቱ ወለል እየጠረጉ ነበር። ከክፍሉ መሀል፣ መኪናው ይቆምበት ከነበረው ቦታ፣ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶና አራት የብሎን ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ብረት ገዢዎቹ ጭነት መኪናቸው ረቡዕ ባዶ ስለሆነላቸው ረቡዕ መጥተው ወስደውታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ኦርጅናሌ ያንን ጥርት ያለ ፍላሽ እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

«ምነው ሳትደውልልኝ፣ አባዬ?»

«ደውዬ ምን ልልህ፣ ልጄ?» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ፍላሹ ያው የሚመጣው ሐሙስ ነው።»

እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ፣ ጥግ ላይ መጻሕፍት የሚጠርዙት ሴትዮ ሙጫቸውን አስቀምጠው ጠሩት። እኚህ ሴት ከአባቱ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ እሱንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

«ማክሰኞ በስልኬ ላንሳዎት ብያቸው ነበር» አሉት። «መኪናው እየሠራ፣ እሳቸውም ቆመውለት። ተይ፣ የኔ ልጅ ፎቶ አንሺ ነው፣ ሐሙስ መጥቶ በደንብ ያነሳኛል አሉኝ። ትናንት ጠዋት እኔ ስደርስ ግማሹ ተፈቷል። አባትህ ሰዎቹን አንድ ቀን ብቻ ቆዩልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር።»

አንድ ቀን። ያቺን አንድ ቀን ሰኞ ዕለት ወዳጁ ከነካርቶኗ ኦርጅናሌ ፊት አስቀምጣለት ነበር፤ በጣቱ የገፋት እሱ ራሱ ነው። ተጸጸተ ማለት ብቻ አይበቃም። አባቱ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ነገር ቢለምኑት፣ እሷንም በዕቃ ስም እንደነፈጋቸው ገባው፤ እንደ ሕፃን ማልቀስ አማረው፣ ግን ሴትዮዋ እያዩት ነበርና ቦርሳውን ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ።

አባቱ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን በእርጥብ እጃቸው አስተኝተው ተመለሱ። መጣህ አይደል፣ እንግዲያው አንሳኝ አሉት። ወደ አራቱ ቀዳዳዎች ሄደው፣ ወለሉን ሳያዩ፣ ሁልጊዜ በሚቆሙባት ቦታ ቆሙ። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለማስታወሻ አንድ ነገር ይውሰዱ ብሏቸው ኖሮ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቀውን የስም ነሐስ ያነሳሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ቶርኖ ቤት ያሠሩትን የመኪናውን ጥርስ ነበር የመረጡት። እሱን በግራ እጃቸው ያዙ። ቀኝ እጃቸውን ደግሞ እጀታው በነበረበት ከፍታ ላይ አነሱት፤ ጣቶቻቸውም እጀታ እንደጨበጡ ታጠፉ።

ኦርጅናሌ አነሳቸው። ዓይኑ ስለፈዘዘበት ሦስቴ ደገመው።

«ይሄ ነው ኦርጅናሉ?» አሉት፣ ፍላሹ ሲበራ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። «ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

እውነትም ጥሩ ነበር። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ አራቱ ቀዳዳዎች፣ የዘይቱ እድፍ፣ የጥርሱ ስንጥቅ፣ አየር የጨበጡት ጣቶች፣ ምንም የደበዘዘ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኦርጅናሌ ስለ ፍላሹ ጥራት ይህንኑ ፎቶ ለማስረጃ ያመጣው ነበር። በስቱዲዮው ግን አልሰቀለውም።

አባትየው ግን ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ወደ ግድግዳው ይሄዱና፣ በባዶው ቦታ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ፣ ወረቀቱ በዚህ ይገባል፣ ትልቁ ጎማ እዚህ ጋ ይዞራል፣ ቀለሙ በዚህ ይወርዳል እያሉ ያስረዳሉ። እንግዳውም ያየ ይመስል ራሱን ይነቀንቃል። ኦርጅናሌ እዚያ ካለ፣ ያን ጊዜ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ውጭ ይወጣል።