ወደ ቀኝ የምትጣመዋ ሩር

ስማ አቤል፣ ስልኩን ሳትዘጋ እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ ደሜ ፈልቷል። ዛሬ ኮሶዬ፣ አጎቴ መንደር፣ ከልጆቹ ጋር የገና ጨዋታ ልጫወት ሄድሁ። ዱላ ስላልነበረኝ አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ የራሳቸውን አዋሱኝ፤ ጫፉ ቆልመም ብሎ ባንድ ጎኑ በደንብ የተጠረበ ነው። ልጆቹ በስንት ልመና ነው ያስገቡኝ። "ሩሯን ሦስቴ ከሜዳ ካወጣሃት አንተም ትወጣለህ" ተባልሁ፤ ሩር የሚሏት ኳሷን ነው።

የመጀመሪያዋን ስመታት ወደ ቀኝ ተጣማ ገደል ገባች። አያ ካሴ ከዳር ሆነው "እግርህን ግጠም እንጂ ልጄ" አሉኝ። ገጠምሁ። ሁለተኛዋም ወደ ቀኝ ሄደች። "ትከሻህ ነው! ምነው እንደ በር ትከፍተዋለህ?" አሉ። እኔ ሞኙ ደግሞ እታዘዛለሁ፤ ትከሻዬን ዘጋሁ። ሦስተኛዋ አሁንም ወደ ቀኝ ሄዳ ቆመው የሚያዩት ሴቶች መሀል ገባች። አንዷ "ይሄ የከተማ ልጅ መንገድ ጠፍቶበታል፣ አሳዩት" ስትል ሜዳው ሁሉ ሳቀብኝ። አስወጡኝ። የአጎቴ ልጅ እንኳ ፊቱን አዞረብኝ።

አያ ካሴ ግን አሁንም አልለቀቁኝም። "ዱላውማ ሸጋ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። አምጣ ላሳይህ" ብለው ተቀበሉኝና መቱ። ሩሯ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። እጃቸውን ሳይ ዱላውን የያዙት ከኔ በተቃራኒው ነው።

"አያ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?"

"አዎ፣ ለራሴ እጅ ነው የጠረብሁት። ምነው?"